የታሪፍ ቆጣሪ በባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የባለሦስት እግር ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ነኝ። ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ከተገጠመልኝ በኋላ መንገድ ሲጨናነቅ ቆሜ የማባክነው ጊዜ ይታሰብልኛል?

መልስ፦ ይታሰብልዎታል፤ ታሪፉ በአግባቡ ከወጣ ማለቴ ነው። ቆጣሪው ከካምቢዮ ወይም ከጎማው አካባቢ ከተገጠመ ሴንሰር በሚደርሰው ምልክት ርቀትን፣ በውስጡ ባለው ሰዓት ደግሞ ጊዜን ይለካል፤ ተሽከርካሪው ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲጓዝ በርቀት፣ ሲያዘግም ወይም ሲቆም በጊዜ ያሰላል። ይህ የመለወጫ ፍጥነት የሚገኘው ለአንድ ሰዓት የተተመነው ሂሳብ ለአንድ ኪሎ ሜትር በተተመነው ሲካፈል ነው። የሰዓቱ የኪሎ ሜትሩን 10 እጥፍ ከሆነ መለወጫው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ታሪፍ ሲወሰን ስለ ኪሎ ሜትሩ ብቻ ተከራክሮ ስለ ሰዓቱ ዝም ያለ አሽከርካሪ፣ ጉዳቱን የሚያየው መንገድ በተዘጋጋ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ተሳፋሪ ነኝ። በአንድ መንገድ በሁለት ተሽከርካሪ ተጉዤ የተለያየ ሂሳብ ከፈልኩ። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የመንገዱ መጨናነቅ ብቻውን ልዩነት ያመጣል። ሌላው ምክንያት ጎማው ነው፤ ጎማ ሲያልቅ ዙሪያው ስለሚያንስ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ አብዝቶ ይሽከረከራል፣ ዙር የሚቆጥረው መሣሪያም መንገዱ የረዘመ ይመስለዋል። ከመሃሉ እስከ ዳሩ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረ ጎማ 6 ሚሊ ሜትር ቢያልቅ፣ የሚመዘገበው ርቀት በ3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ የጎደለ ጎማም ወደዚያው ያደላል። ስለዚህ የጎማ መጠን በተለወጠ ቁጥር ቆጣሪው ርዝመቱ በትክክል በተለካ መንገድ ላይ ተፈትሾ እንደገና ሊስተካከልና ሊታሸግ ይገባል። ጀርመናዊው ብሩን የታክሲ ቆጣሪን በ1891 እ.ኤ.አ. ሲፈለስፍ መሣሪያው ሜካኒካል ነበር፤ ዛሬ ኤሌክትሮኒክ መሆኑ ከመነካካት ነፃ አላደረገውም። ሲሳፈሩ ከሚያበራው ቁጥር ይልቅ ማኅተሙ እንዳልተፈታና የፍተሻው ቀን እንዳላለፈ ቢያዩ ይሻላል፤ ቁጥሩም ከመነሻ ሂሳቡ መጀመሩን ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ መስመር ይዘን በየፌርማታው ሰው የምንጭን ሰዎችስ?

መልስ፦ ለእናንተ አልመክረውም። ቆጣሪ የተሠራው ተሽከርካሪውን አንድ ሰው ለብቻው እንደተከራየው አድርጎ ለማስላት ነው። ሦስት ሰው በተለያየ ቦታ ተሳፍሮ በተለያየ ቦታ ሲወርድ የእያንዳንዱን ድርሻ ሊለይ ስለማይችል፣ በግልጽ የተለጠፈ የመስመር ታሪፍ ይሻላል።