ተረት እየነገርን ልጆቹን እንዴት እናናግራቸው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን በተረት አማርኛ ስለማስተማር ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ያልደረስንባቸውን ጥያቄዎች ለእንግዳችን ለቋንቋ መምህሯ አቅርበናል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ተረት ስነግራቸው ዓይናቸው ከእኔ አይነቀልም። ስጨርስ «ከዚህ ተረት ምን ተማርን?» ስላቸው ግን ጸጥ ይላሉ። የሚመልስ ቢገኝም በእንግሊዝኛ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። «ምን ተማርን?» ሲባል ልጅ መምህሯ የምትፈልጋትን አንዲት መልስ ፍለጋ ይገባል። እርግጠኛ ካልሆነ ዝም ይላል። ለወሬ የሚመቸው ተረቱ ገና ሳያልቅ ነው።

የአያ ጅቦንና የአህያዋን ተረት ይውሰዱ። ጅቡ ከወንዙ ላይኛው በኩል ይጠጣል፣ አህያዋ ከታች። «ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ይላታል። እዚህ ላይ ያቁሙ። ወለሉ ላይ ነጠላ ዘርግተው ወንዝ ያድርጉት። አንዱን ልጅ ከላይ፣ አንዷን ከታች ያቁሙና «በይ መልሺለት» ይበሏት። ተበድላለችና የምትለው አላት። «እኔ እኮ ታች ነኝ! ውሃው የሚመጣው ካንተ ነው!» ለማለት «ላይ»ና «ታች»፣ «ከ»ና «ወደ» የግድ ያስፈልጓታል። ጅቡም ሌላ ሰበብ መፍጠር አለበት። አንድ ተማሪዬ «ጥላሽ ውሃውን አጠቆረብኝ» ብሎ ነበር። ማንም አላስተማረውም፣ ማሸነፍ ስለፈለገ ብቻ ነው።

ሲከራከሩ አያርሟቸው። ወንዱን «አንቺ» ብትለው እንኳ ይለፉት። የእንግሊዝኛ ቃል ጣል ካደረጉ አማርኛውን ቀስ ብለው ያቀብሏቸው፣ ጨዋታው ይቀጥል። ስህተቱን ጽፈው ይያዙት፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሆናል። ክርክሩ ሲበርድ የአህያዋን ቃል ይንገሯቸው፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።» ከዚያ «ለምን አያ አለችው?» ብለው ይጠይቁ። ሊበላት የመጣውን እንደ ታላቅ ወንድም አክብራ መጥራቷ ውጭ ያደጉ ልጆችን በጣም ይገርማቸዋል። ስለ አክብሮት አጠራር፣ ስለ «አንተ» እና «እርስዎ» ለማውራት ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም።

ከአዳማ፦ ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪዎች አሉ። አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ መናገር ያፍራሉ።

መልስ፦ ተረቱ ከእርስዎ አይምጣ። ቤታቸው «ዱሪ ዱሪ» (ድሮ ድሮ) ተብሎ የተነገራቸውን ተረት ያምጡ። ታሪኩን ስለሚያውቁት የሚጨነቁት ለቃሉ ብቻ ነው። አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ይናገር፣ አራቱ ይጠይቁት። ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ! ቃል የጠፋበት «ዋራቤሳ» ብሎ ይለፍ፤ ጓደኛው «ጅብ» ይለዋል። በማግስቱ ቡድኑን ቀላቅለው የሰሙትን ለሌላው እንዲያወሩ ያድርጉ። «ሰምቶ፣ ተነሥቶ፣ ሄዶ» እያሉ ሐሳብ ማያያዝን ሳይታወቃቸው ይለምዱታል።

ከስቶክሆልም፦ ባለቤቴ ስዊድናዊ ነው፣ አማርኛ እየተማረ ነው። የእንስሳት ተረት የልጅ ነገር ይመስለዋል።

መልስ፦ የአንበሳውን ጸጉር ይንገሩት። የእንጀራ ልጇ ፊት የነሣት ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች። «በሕይወት ካለ አንበሳ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ» ይላታል። ሥጋ እየወሰደች፣ በየቀኑ ጥቂት እየተጠጋች፣ አላምዳው ነቅላ ታመጣለች። «ልጁንም እንደ አንበሳው አላምጂው» ብሎ ይሸኛታል። ከዚያ ባለቤትዎን «ሽማግሌው ልክ ነው?» ይበሉት። እኔ በበኩሌ ሸክሙን ሁሉ እሷ ላይ መጣሉ አይዋጥልኝም። አዋቂ ተማሪዎቼም በዚህ ተስማምተው አያውቁም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ተረቱን ከወረቀት ባነብስ? ደግሞስ ጭራሽ አፉን የማይከፍት ልጅ ቢኖርስ?

መልስ፦ ለወሬ ከሆነ ወረቀቱን ይተዉት። ዓይንዎ ጽሑፉ ላይ ካለ የልጁን ፊት አያዩም፣ የት ማቆም እንዳለብዎ አይገባዎትም።

ዝምተኛውን ልጅ ብቻውን አያናግሩት። «ተረት ተረት» ሲሉ ከሌሎቹ ጋር «የላም በረት» ይበል። ቀጥሎ እንቆቅልሽ ይሞክሩ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልሽ?» «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ውሃ መሆኑን ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይበሉት። ጎንደርን ካላወቃት ባልቲሞርን ይስጥዎት።