ማን በላ፣ ማን ተበላ የቤቱ ጉዳይ አይደለም
(በካሊፎርኒያ የካርታ ክለቦች ሥራ ለሚጀምሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ካርታ ልታድሉ፣ ካሸር ልትቀመጡ፣ ወለሉን ልትቆጣጠሩ የምትገቡበት ሥራ ደንቡ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው፦ ክለቡ አይጫወትም። ጠረጴዛ፣ ካርታና አዳይ ያቀርባል፣ የአገልግሎት ዋጋ ይቀበላል። ቬጋስ ሠርቶ የመጣ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ እዚያ ቤቱ ራሱ ባንክ ይይዛል፤ ማለትም ለበላው ይከፍላል፣ ከተበላው ይሰበስባል።

የክፍለ ግዛቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 330 ፋሮ የተባለውን የካርታ ጨዋታ፣ ሩሌትን፣ ሃያ አንድን (ብላክጃክን) በስም ጠርቶ ይከለክላል። ከእነዚህ ሌላ ቤቱ ባንክ የሚይዝበትን ወይም ከውርርዱ በመቶኛ የሚቆርጥበትን ጨዋታ ሁሉ ይጨምራል። ቅጣቱ ከ100 እስከ 1,000 ዶላር፣ ወይም እስከ 6 ወር የካውንቲ እስር፣ ወይም ሁለቱም ነው።

መቶኛ ለምን ተከለከለ? ከፖቱ (ተጫዋቾቹ ካዋጡት የውርርድ ገንዘብ) 5 በመቶ ቢቆረጥ ከ40 ዶላር 2፣ ከ400 ዶላር 20 ዶላር ይገባል። ያኔ ቤቱ ሰዎች ውርርዱን እንዲያንሩ ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ክፍያው ጨዋታው ሳይጀመር የተወሰነና ሁሉም እንዲያየው የተለጠፈ መሆን አለበት፤ በአንድ ጠረጴዛ ከአምስት የበለጠ የክፍያ ደረጃ አይፈቀድም። በታተመው የጨዋታ ደንብ መሠረት ክለቡ ክፍያውን መተው ይችላል። ዙሩ ከተጀመረ በኋላ «ፖቱ ትልቅ ሆኗል፣ ትንሽ እንጨምር» ማለት ግን አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ስህተት የሚበዛው ባንክ የመያዝ ተራ ላይ ነው። ባንኩን የሚይዘው ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው፤ ተራውም ያለማቋረጥ፣ በሥርዓት መዞር አለበት። ብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ከክለቡ ጋር ውል ያለው የሌላ ድርጅት ተጫዋች፣ ባጅ አንጠልጥሎ፣ ለመያዝ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ሌላው ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ አልፈልግም ስለሚል አዳዩ ይሰላችና ሳይጠይቅ በቀጥታ ለባለባጁ ያስተላልፋል። ጥፋቱ ይኸው ነው። ማንም ባይቀበል እንኳ «ባንኩን ትይዛለህ?» የሚለው ግብዣ በቃልም በእጅም መታየት አለበት፤ ካሜራ ጥያቄውን ካላየ ጥያቄው አልቀረበም ተብሎ ይቆጠራል። ክለቡም ከዚያ ድርጅት ትርፍና ኪሳራ ድርሻ የለውም።

ስለ ማጭበርበር። በጣም የተለመደው ረቀቅ ያለ መሣሪያ አይፈልግም፦ ውጤቱ ከታየ በኋላ ቺፕ (በገንዘብ ፈንታ የሚወራረዱበትን ጠፍጣፋ) መጨመር፣ ወይም ሊበላ መሆኑን ያወቀ ሰው ቺፑን ቀስ ብሎ ማንሳት። ሁለቱም ወንጀል ናቸው። ውርርድ መዘጋቱን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፣ መዳፋችሁን በጠረጴዛው ላይ አሳልፉ፣ ከዚያ ካርታ ግለጡ። የጠረጠራችሁ ዕለት ተጫዋቹን አትክሰሱ፣ ካርታውንም ቺፑንም አትንኩ፤ እጃችሁን አንስታችሁ ወለል ተቆጣጣሪውን ጥሩ። ቺፑን «ለማስተካከል» ብሎ የነካ አዳይ ማስረጃውን ራሱ ያጠፋል።

ካሸሮች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ዓመታዊ የቁማር ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ክለብ በፌዴራል ሕግ እንደ ገንዘብ ተቋም ይታያል። አንድ ሰው በአንድ የጨዋታ ቀን ካስገባው ወይም ካወጣው ጥሬ ገንዘብ አንዱ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ በ15 ቀን ውስጥ ሪፖርት ይላካል። ጠዋት የ6,000፣ ማታ የ5,000 ዶላር ቺፕ በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሰው አልፏል፤ የተለያየ መስኮት መጠቀሙ አያድነውም። ደንበኛን ለመርዳት ብላችሁ «200 ቀንሱ፣ ወረቀት ይቀርልናል» ካላችሁ ግን ገንዘብ በመከፋፈል ከሪፖርት እንዲያመልጥ አገዛችሁ፤ በእናንተ ላይ የሚያስከስስ ነው። 5,000 ዶላር የደረሰ አጠራጣሪ ዝውውርም ለብቻው ይመዘገባል፤ ሪፖርት እንደተላከ ለደንበኛው መንገር ክልክል ነው።

የክፍለ ግዛቱ ሕግ ዝቅተኛውን መስፈርት ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የሥራ ሰዓት፣ የጠረጴዛ ብዛት፣ የውርርድ ጣሪያ፣ የደንበኞች ደኅንነትና ክለቡ የሚቆምበት ቦታ በከተማው ወይም በካውንቲው ደንብ ይወሰናሉ። በአንዱ ከተማ የተፈቀደው በጎረቤቱ ሊከለከል ይችላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ክለብ አይፈቅድም። መስፋፋት ሲታሰብም መራጩ ይጠየቃል፦ ሳን ሆሴ እ.ኤ.አ. በ2020 በድምፅ 30 ጠረጴዛ ሲጨመር የክለቦቹ ግብር ከ15 ወደ 16.5 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ከተማ የቀየረ ሠራተኛ የቀድሞውን ልምድ ይዞ ወደ ጠረጴዛ መቅረብ የለበትም፤ አስቀድሞ የአዲሱን ከተማ ደንብ ያንብብ።

የመጨረሻው አጭር ነው። ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው አይጫወትም፤ አባቱ አጠገቡ ቢቀመጥም። መታወቂያ ሲቀርብላችሁ የልደት ቀኑን ራሳችሁ አስሉ፣ ፎቶውን ከፊቱ አስተያዩ፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከተጠራጠራችሁ ቺፕ ከመሸጣችሁ በፊት ተቆጣጣሪ ጥሩ፤ ከተጫወተ በኋላ ተገኝቶ ከሆነ የበላውም የተበላውም ገንዘብ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ልምምድ ጠረጴዛው እንሂድ፤ ባንኩን በተራ የማስያዙን ግብዣ እያንዳንዳችሁ በድምፅና በእጅ ታሳዩኛላችሁ።