አንድ ፌስታል ሙሉ ካርድ

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ ጠዋት። አንድ ባጃጅ ክሊኒክ በር ላይ ይቆማል።]

ተራኪ፦ እናትየዋ ልጇን አዝላ ወረደች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ካርድ፣ የላቦራቶሪ ወረቀት፣ የራጅ ፊልም ሞልቶበታል። አንዳንዱ ወረቀት ከመታጠፉ ብዛት መሃሉ ተቀዷል።

«ሲስተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው አደረ።»

ሲስተር ለካችው። ትኩሳት የለውም። ልጁ ብስኩቱን ይገምጣል።

እናትየዋን እኛ ነን የፈጠርናት። ደግሞም ትኩሳት መጥቶ ይሄዳል፤ ይሄ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አልፎ አልፎ ግን ሕመሙን የሚፈጥረው አሳዳጊው ራሱ ነው። ያልነበረ ምልክት ያወራል፣ ናሙና ያበላሻል፣ ሲብስም ልጁን በገዛ እጁ ያሳምማል። በብዛት የሚታወቀው «ሙንቻውዘን ባይ ፕሮክሲ» በሚል ስም ነው።

[ምስል፦ የሽንት ናሙና ብልቃጦች።]

ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ሮይ ሜዶው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977። ሽንቷ ደም እየቀላቀለ ያስቸገረች የ6 ዓመት ታካሚ ነበረችው። ምርመራ በምርመራ ላይ ተደረገላት። በኋላ እናትየዋ በሌለችበት የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሜዶው የገለጸው ሌላ ሕፃን ደግሞ እናቱ ጨው ትሰጠው ነበር። እሱ ሞተ።

እኔን የሚያስደነግጠኝ የሐኪሙ ድርሻ ነው። መርፌውን የሚወጋው፣ ለኦፕሬሽን የሚያስገባው እሱ ነው፤ ሳያውቅ የጥቃቱ እጅ ይሆናል። አሳዳጊዋስ ምን ታገኛለች? ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይደለም። «አይዞሽ» መባል፣ የጠንካራ እናት ስም።

እኛ ጋ ደግሞ አንድ ክፍተት አለ። ሌላ ክሊኒክ ሄደው አዲስ ካርድ ሲያወጡ የድሮው ታሪክ አብሮ ላይመጣ ይችላል። ሐኪሙ ያለው የእናትየዋ ቃል ብቻ ነው።

ታዲያ ፌስታል የያዘችውን ሁሉ እንጠርጥር? በፍጹም። አብዛኛዋ መልስ አጥታ የምትንከራተት ናት። ራሱ ሜዶው ሁለት ሕፃናት የሞቱባትን እናት ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረባት። «እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሞት ሁለቴ የመድረስ ዕድሉ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው» አለ። ስሌቱ የተሳሳተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ልጆቿን ገድላለች ተብላ የተፈረደባት ሴት በ2003 ነፃ ወጣች።

ስለዚህ ጥርጣሬ ሲመጣ በግምት አይኬድም። ናሙናውን ነርሷ ራሷ ትወስዳለች። ምልክቱ ማን ባለበት እንደሚታይ ይመዘገባል። ልጁ ደኅንነቱ ሳይረጋገጥ አሳዳጊዋን ማፋጠጥም አደጋ አለው፤ ይዛው ልትሰወር ትችላለች።

[ምስል፦ የክሊኒኩ ጠረጴዛ።]

«እስኪ ፌስታሉን ስጪኝ፣ የኔ እናት።»

ሲስተር ካርዶቹን በቀናቸው ትደረድራለች። ጠረጴዛው ሞላ። ልጁ ሌላ ብስኩት ይጠይቃል።