በሁለት መስመር መካከል

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሒሳብ ነው። በተለይ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብን፣ እስከ መልሱ ተሠርተው የተቀመጡ ጥያቄዎችን እያዩ ስለ መለማመድ። ሒሳብ ሲባል ጆሮውን የሚደፍን እንዳለ አውቃለሁ። እባካችሁ አትሂዱብኝ።

ፈተና ሲቃረብ ተማሪ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ይሰበስባል። ቁጭ ብሎ ያነባል። ጥያቄው ይኸው፣ የመጀመሪያው መስመር ይኸው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ መልስ። "እሺ፣ ገባኝ።" ወደሚቀጥለው። ሲመሽ ያን ሁሉ ገጽ ጨርሷል። ደክሞታልም፤ ድካሙ የምር ነው። ግን ባዶ ወረቀት ሰጥታችሁ፣ ጠዋት ካያቸው አንዱን መርጣችሁ "እስቲ ሥራልኝ" ብትሉት እስክሪብቶው ይቆማል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

ይኼን ያየ ሰው ቶሎ የሚሰጠው ምክር አለ። "መልስ አትይ፣ ራስህ ታገል።" ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ርዕሱን ትናንት የጀመረ ልጅ በምን ይታገላል? መሣሪያው ገና በእጁ አልገባም። ከዚህ ቁጥር ወደዚያ፣ ከዚህ ፎርሙላ ወደዚያ ሲዘል ሐሳቡ በሙሉ በፍለጋው ያልቃል። ቢያገኘው እንኳ በየት እንደመጣ አያስታውሰውም። 

እ.ኤ.አ. በ1985 ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር የተባሉ ተመራማሪዎች ይኼንኑ በአልጀብራ አይተውታል። አንዱ ቡድን ጥያቄዎቹን በሙሉ በራሱ ሠራ። ሌላው አንድ የተሠራ ምሳሌ አጥንቶ ተመሳሳዩን ሠራ፤ ደግሞ ሌላ ምሳሌ፣ ደግሞ ተመሳሳዩን። በኋላ ሲፈተኑ ምሳሌ ያጠኑት ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ቶሎ ጨረሱ፤ ስህተታቸውም ያነሰ ነበር። ልብ በሉ፣ "ተመሳሳይ" ነው ያልኩት። ጥያቄው መልኩን ሲቀይር ምሳሌ ማጥናት ብቻውን አያዋጣም። ለመነሻ ግን የተሠራ ምሳሌ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ የኔ ነጥብ መልስ ማየት ላይ አይደለም። እንዴት እንደሚታይ ላይ ነው። የተሠራ መልስ ላይ የተጻፈው ምን እንደተደረገ ነው። ለምን እንደተደረገ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። እሱ በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል ተደብቆ ይቀራል። ጥናቱ ያለው እዚያ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሕሞሴ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው የፓፒረስ ጥቅልል አለ። በውስጡ 84 ያህል ጥያቄዎች ከነአሠራራቸው ተቀምጠዋል። 24ኛው እንዲህ ይላል፦ አንድ ቁጥርና የሱ አንድ ሰባተኛ ሲደመሩ 19 ሆኑ፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አሠራሩ ደግሞ በግምት ይጀምራል። 7 ነው እንበል። 7 እና አንድ ሰባተኛው 8 ይሆናሉ። እኛ የፈለግነው 19 ነው። እንግዲያው 19ን ለ8 አካፍለን በ7 እናባዛ። መልሱ 16 ከአምስት ስምንተኛ። 

ያምራል አይደል? ግን ለምን ሠራ? ቁጥሩ በእጥፍ ሲያድግ ድምሩም በእጥፍ ስለሚያድግ ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ይኼን የምታወጡት እናንተ ናችሁ። 7 የተመረጠችውም አንድ ሰባተኛዋ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ለሥራ እንዲቀል ብቻ። 14 ብሎ መጀመርም ይቻል ነበር። ሞክሩት፣ እዚያው ትደርሳላችሁ።

አሁን ደግሞ ከክፍላችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር እንይ። ወረቀት ካላችሁ አውጡ። ጥያቄው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠራ የነበረው አልኽዋሪዝሚ በአልጀብራ መጽሐፉ ያስቀመጠው ነው። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 10 ኤክስ፣ እኩል ይሆናል 39። አሠራሩ አጭር ነው። 10ን ለሁለት ክፈል፣ 5። 5ን በራሱ አባዛ፣ 25። 39 ላይ ጨምር፣ 64። ስኩዌር ሩቱን ውሰድ፣ 8። 5 ቀንስ። መልስ 3። 

ይኼንን ከእህቴ ልጅ ጋር ስንሠራው መስመሮቹን በፍጥነት አለፈቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ጣቷን 25 ላይ አሳረፈችና "ይቺ ግን ከየት መጣች?" አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ጥያቄ በፊት ያነበበችው ሁሉ ገና ማጥናት አልነበረም።

ሳሉት። ጎኑ ኤክስ የሆነ ካሬ ሳሉ። ስፋቱ ኤክስ ስኩዌር ነው። የቀረን 10 ኤክስ ነው። እሱን ለሁለት ክፈሉት፤ ሁለት 5 ኤክሶች ይሆናሉ። አንዱን፣ ርዝመቱ ኤክስ ወርዱ 5 የሆነ ሬክታንግል አድርጋችሁ በካሬው ቀኝ ጎን ግጠሙት። ሌላውን ከሥሩ ግጠሙት። አሁን ቅርፁን እዩት። ትልቅ ካሬ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። በቀኝ በኩል ታች ያለችው ማዕዘን ጎድላለች። የጎደለችው ቁራጭ 5 በ5 ነች። 25 የመጣው ከዚያ ነው! የነበረን 39 ነው፤ ማዕዘኗ ስትሞላ 64 ይሆናል። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ያ ጎን ደግሞ ኤክስ እና 5 ተደምረው የሠሩት ነው። ኤክስ 3 ሆነ ማለት ነው። 

ሥዕሉ የኔ አይደለም፤ አልኽዋሪዝሚ ራሱ ያኔ እንዲህ ባለ ሥዕል አሳይቶታል። እሱ ኔጌቲቭ መልስ አይቀበልም ነበር። እኛ ዛሬ ኔጌቲቭ 13ንም እንጨምራለን፤ ምክንያቱም ስኩዌር ሲደረግ 64 የሚሆነው 8 ብቻ ሳይሆን ኔጌቲቭ 8ም ነው።

እንግዲህ ይቺን ሥዕል ያየ ልጅ ለምን ለሁለት እንደሚከፈል መሸምደድ አያስፈልገውም። ሁለት ጎን ላይ ስለሚለጠፍ ነው፤ በቃ። ፈተና ላይ ቢረሳው እንኳ ጥግ ላይ ስሎ ያገኘዋል።

ሚሼሊን ቺና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይገባል። የተሠሩ የፊዚክስ ምሳሌዎችን ለተማሪዎች ሰጥተው፣ እያነበቡ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረጉ። በኋላ ጥያቄ ሲሰጣቸው የተሳካላቸው ተማሪዎች ምሳሌውን ሲያነቡ ለራሳቸው ብዙ ያብራሩ የነበሩት ናቸው። "ይኼ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው" ይላሉ። "እዚህ ጋ አልገባኝም" ማለትም ያበዙ ነበር። ያልተሳካላቸው ግን ሲያነቡ ገብቶናል ይላሉ፤ ጥያቄው ሲመጣ ምሳሌውን እንደገና ከላይ ጀምሮ ያነባሉ። እኔም ከተማሪዎች ጋር ስቀመጥ የማየው ይኼንኑ ነው። "አልገባኝም" የሚለው ልጅ አያስጨንቀኝም። የቱ መስመር ላይ እንዳልገባው መናገር ከቻለማ ግማሹን ጨርሷል።

አንዳንድ መስመር ደግሞ ለወጉ የተጻፈ ይመስላል። መጨረሻ ላይ "መልሱን እናረጋግጥ" የምትለዋ መስመር እንደዚያ ናት። ብዙዎች ይዘሏታል። አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። በግራ በኩል ስኩዌር ሩት አለ፤ ውስጡ ኤክስ ሲደመር 7 ነው። በቀኝ በኩል ኤክስ ሲቀነስ 5 አለ። እኩል ናቸው። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር ስናደርግ፣ ወደ አንድ ወገን ስንሰበስብ፣ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 11 ኤክስ ሲደመር 18፣ እኩል ይሆናል ዜሮ። ፋክተር ሲደረግ ኤክስ 9 ወይም 2 ነው። አሁን እንተካ። በ9፣ ግራው የ16 ስኩዌር ሩት፣ ማለት 4። ቀኙም 4። ጥሩ። በ2፣ ግራው የ9 ስኩዌር ሩት፣ 3። ቀኙ ግን ኔጌቲቭ 3! ስለዚህ 2 ትወድቃለች። 

ስሌቱ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም። ታዲያ 2 ከየት ገባች? በስኩዌሩ በኩል ነው የገባችው። 3 እና ኔጌቲቭ 3 የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ስኩዌር ሲደረጉ ግን ሁለቱም 9 ናቸው፤ ልዩነታቸው ይጠፋል። ለዚህ ዓይነት ጥያቄ ማረጋገጫው የአሠራሩ አካል ነው። ትተካላችሁ፣ የማይሆነውን ትጥላላችሁ።

እሺ፣ መስመሮቹን ገብቷችሁ አነበባችሁ እንበል። ከዚያስ? ምሳሌውን ሸፍናችሁ ሥሩት። ሙሉውን በአንዴ ከከበዳችሁ ከታች ጀምራችሁ ሸፍኑ። መጀመሪያ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ደብቁና እሱን ጨርሱ። በሚቀጥለው ምሳሌ የመጨረሻዎቹን ሁለት። እንዲህ እያላችሁ ጥያቄው ብቻውን እስኪቀር ድረስ። አሌክሳንደር ሬንክልና ሮበርት አትኪንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የሠሩበት ዘዴ ነው። እኔ የምወድለት ምክንያት ቀላል ነው። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሚጨርሰው ነገር ያገኛል፤ ሸክሙ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደሱ ይዞራል።

ምሳሌን የሚተዉበት ጊዜም አለ። ርዕሱን የለመደ ተማሪ የተሠራ መልስ ሲያነብ ጊዜውን ነው የሚያባክነው። ካልዩጋ፣ ስዌለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በስፋት የጻፉበት ነገር ነው፤ ጀማሪን የሚረዳው ለለመደው ሰው እንቅፋት ይሆናል። ስትለምዱ መልሱን ዝጉትና ባዶ ወረቀት ላይ ሥሩ።

ሌላም አለ። የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄዎቹን በርዕስ በርዕስ ነው የሚያስቀምጠው። ምዕራፉ ስለ ኳድራቲክ ከሆነ ጥያቄው ሁሉ ኳድራቲክ ነው። በምን ልሥራው ብሎ ማሰብ አያስፈልግም፤ ርዕሱ ነግሮሃል። ፈተና ግን አይነግርህም። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ የተለያዩ ቅርፆችን ይዘት ማስላትን ለኮሌጅ ተማሪዎች አስተማሩ። አንዳንዶቹ ዓይነት በዓይነት ተለማመዱ፤ ሌሎቹ ተደበላልቆ ተሰጣቸው። ልምምዱ ላይ የተደበላለቀባቸው ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን እነሱ 63 ከመቶ፣ ሌሎቹ 20 ከመቶ ሆኑ። ስለዚህ ከሦስት አራት ምዕራፍ ጥያቄዎችን ቆርጣችሁ ቀላቅሉ። ይከብዳል፤ ሲከብዳችሁ እንዳትደነግጡ።

በመሀል አንዲት ነገር ላንሳ፣ ብዙ ልጆችን ስታስለቅስ ስላየሁ። መልሳችሁ ከመጽሐፉ ካልገጠመ ወዲያው አታጥፉት። አንድ ሲካፈል ለስኩዌር ሩት 2 እና ስኩዌር ሩት 2 ሲካፈል ለ2 አንድ ቁጥር ናቸው፤ አጻጻፋቸው ነው የተለየው። ካልኩሌተር ላይ ሁለቱንም አስገቡ፤ 0.7071 ይላችኋል። መጽሐፍም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። መልሳችሁን ጥያቄው ውስጥ መልሳችሁ ተኩት፤ ከሠራ ሠራ ነው።

ልጨርስ። የዛሬው የቤት ሥራ ከወትሮው ይለያል። የምሰጣችሁ የተሠራ ምሳሌ ነው፣ ግን ስህተት አለበት። ኤክስ ሲቀነስ 3 የሚለው፣ ኤክስ ሲደመር 2 በሚለው ሲባዛ 6 ይሆናል። ኤክስ ስንት ነው? አንድ ተማሪ እንዲህ ሠራው እንበል። "ኤክስ ሲቀነስ 3፣ 6 ይሆናል፤ ስለዚህ ኤክስ 9። ወይም ኤክስ ሲደመር 2፣ 6 ይሆናል፤ ስለዚህ ኤክስ 4።" 9ን ስትተኩ 6 በ11 ነው፣ 66፤ አልሠራም። 4ን ስትተኩ ግን 1 በ6 ነው፣ 6። ሠራ! መንገዱ ትክክል ሳይሆን መልሱ እንዴት ትክክል መጣ? ደግሞ በዚህ መንገድ ሳይገኝ የቀረ ሌላ መልስ አለ። ፈልጉትና ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ምክንያቱን ጽፋችሁ ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል ከላካችሁልኝ ላይ እንጀምራለን። ቸር ሰንብቱ።