ዘነበወርቅ የሚለው ስም ከእድራችን ላይ አይነሣ

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የተጠራንበትን ጉዳይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከእድራችን ስም ላይ «ዘነበወርቅ» የሚለው ቃል ይነሣና በምትኩ «አየር ጤና አካባቢ» ይባል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያቀረቡት ወጣቶቻችን ናቸው፤ በክፋት እንዳላቀረቡት አውቃለሁ። ሥራ ሊያመለክቱ ሄደው አድራሻቸውን ያነበበ ሰው «የሥጋ ደዌ ሰፈር» ብሎ ፊቱ ሲለወጥ ያዩ ልጆች ናቸው። ደላላው «አየር ጤና ጋ ነው» ብሎ ያመጣው ተከራይ አደባባዩ ላይ ሲደርስ «እንዴ፣ ይሄማ ዘነበወርቅ ነው» ብሎ ሲመለስ ያዩ ናቸው። ስለዚህ አልቆጣቸውም። እጅ ከማውጣታችን በፊት ግን የምለው አለኝ፤ ዳኛችን ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ።

እኔ ራሴ ይህን ስም ለብዙ ዓመት ደብቄዋለሁ። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ ቅጹ ላይ «አየር ጤና» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ ሊሸኙኝ አብረውኝ ታክሲ ሲሳፈሩ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ ላይ «ደርሻለሁ» ብዬ እወርዳለሁ። ታክሲው ከዓይኔ እስኪጠፋ እቆምና የቀረውን በእግሬ እመጣለሁ። ዝናብም ቢሆን።

እንዲህ የማደርገው እኔ ብቻ አልነበርኩም። አየር ጤና ያለው ሰው «ዘነበወርቅ ከእኛ ወዲያ ነው» ይላል። ዘነበወርቅ ያለው «የታመሙት የሚኖሩት ቆሬ ነው» ይላል። ቆሬ ያለው ደግሞ «ቆሼ ማዶ ነው፤ እኛ ከቆሻሻ ጋር ምን አለን?» ይላል። ሁላችንም መጥፎውን ስም ከደጃችን ጠርገን ጎረቤት ደጅ ላይ እንጥለዋለን። ቆሼ ዳር ላስቲክ ወጥሮ የሚኖረው፣ ቀኑን ሙሉ ሃይላንድና ብረት ሲለቅም የሚውለው ሰው ግን ወደ ማን ይጥለው? ዛሬ የቀረበው የስም ለውጥ እኔ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ ላይ ስወርድ የማደርገው ነገር ነው፤ ልዩነቱ አሁን በማኅተም ሊሆን መሆኑ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ልንጥለው ያሰብነው ስም የማን ነው? ልዕልት ዘነበወርቅ የንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ፤ ገና በወጣትነታቸው ያረፉ። በ1920ዎቹ፣ ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እዚህ የተሠራው ሆስፒታል በስማቸው ተጠራ። ያኔ ይህ ቦታ ከከተማው የራቀ ሜዳ ነበር፤ የተመረጠውም ለመራቁ ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት ተቋቋመ፤ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው። ከብዙ አገር ሐኪሞች እየመጡ እዚህ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ከጎኑ የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ፤ ስሙን ያገኘው የበሽታውን ተህዋሲ እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኙት ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ልጆቻችን «የት ነው የምትኖሩት?» ሲባሉ አንገታቸውን የሚደፉበት ሰፈር የአፍሪካ ሐኪሞች ሊማሩበት የሚመጡበት ሰፈር ነው። ይህን በየትምህርት ቤታችን ስንቶቻችን ነግረናቸዋል? እኔ መምህር ሆኜ እንኳ ለዓመታት አልነገርኳቸውም።

እናቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከጎጃም፣ ከብቸና ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። መጀመሪያ እግሯ ደነዘዘ፤ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እሳት ሲያቃጥላት አላወቀችም። ከዚያ በቤቷ መብያዋ ተለየ፤ መጠጫዋ ተለየ፤ መኝታዋ ወደ በረት ወጣ። «አዲስ አበባ ታክሜ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች፤ ታከመች፤ ዳነች። ተመልሳ ስትሄድ ደጁን የከፈተላት ሰው አልነበረም። ዞራ መጣች። ከዚያ ወዲህ አገሯን የጠየቃት ሰው ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር፤ «ዘነበወርቅ»። ብቸና አትልም። ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ የመጡ ጎረቤቶቿም እንዲሁ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን ገብረ ክርስቶስን ሲዘክሩ፣ በአባቱ ደጅ ወድቆ የገዛ ቤተ ሰቡ ያላወቀውን የዚያን ቅዱስ ታሪክ ሲሰሙ ለምን እንደዚያ እንደሚያለቅሱ በልጅነቴ አይገባኝም ነበር።

ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። የግራ እጇ ጣቶች አልቀዋል፤ በቀኙ አውራ ጣቷና የሌባ ጣቷ ጉራጅ ቀርተዋታል። ጨርቁን በግራ ክንዷና በጉልበቷ መሐል ታጣብቀዋለች። መርፌውን በሁለቱ ትይዝና ትወጋለች፤ ክሩ ሲጠብቅባት በጥርሷ ትስበዋለች። የእኔ ሥራ አጠገቧ ተቀምጦ ማየት ነበር። መርፌ ሲወጋት አይሰማትም፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ደም ጠብ ካለ ደግሞ የሳምንት ልፋት ተበላሸ ማለት ነው። «እማዬ፣ እጅሽ!» እላታለሁ፤ ፈጥና ታነሣዋለች። የኔ የቤት ሥራ ደብተር በአንድ ጉልበቴ፣ የሷ እጅ በዓይኔ ሥር፤ እንዲህ ነው ያደግሁት። አለርት ግቢ ውስጥ የሚሸጠውን የእናቶቻችንን ጥልፍ ፈረንጆች እየገዙ ወደየአገራቸው ወስደውታል። በየትኛው አገር፣ በማን ሶፋ ላይ እንዳለ አናውቅም፤ ያለ ጣት የተሠራ መሆኑን ግን እኛ እናውቃለን።

ባለቤቴ ሽማግሌ ሊልክ በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎቹን አየር ጤና ባለች ወዳጃችን ቤት እንዲቀበሏቸው አደረግሁ። እናቴ መጣች። ማንም ሳይነግራት ሁለት እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ቡና ሲቀርብ «አልጠጣም፣ ዛሬ ልቤን እያለኝ ነው» አለች። ከቡና በላይ የምትወደው ነገር አልነበረም። ሲኒውን ለማንሣት ግን እጇን ማውጣት ነበረባት።

ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የሰፈሩን ስም ስደብቅ የደበቅሁት እጇን መሆኑን ዘግይቼ ነው ያወቅሁት፤ ለዚህ ነው ዛሬ በእድር ደረጃ እንዳንደግመው እናንተ ፊት የቆምኩት።

ለሚፈራው ጎረቤት የምንነግረው አጥተን አይደለም። ሥጋ ደዌ በዘር አይወረስም። አብዛኛው ሰው ተፈጥሯዊ መከላከያ አለው። ጥምር መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ደረጃው ለ6 ወይም ለ12 ወር ይወሰዳል፤ መውሰድ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። አካል የሚጎድለው ነርቭ ተጎድቶ ስሜት ሲጠፋ፣ ቁስሉ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ቶሎ የታከመ አካሉ አይጎድልም። ሰው ግን እንዳይታይ ብሎ ይደበቃል፤ እስኪወጣ ጣቱ አልቆ ይቆያል። ስሙን በደበቅን ቁጥር ይህን መደበቅ እናግዛለን።

አሁን ወደ ቆሼ ልመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ የተቆለለበት ተራራ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያን ሌሊት የእኛም ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳናችንን፣ ወንበራችንን፣ ብረት ድስታችንን ይዘን ወረድን። «ሟቹ የእድራችን አባል ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «ቆሼ ማዶ ነው» ያለም አልነበረም። እናቶች እንጀራ ጋግረው በጭንቅላታቸው ተሸክመው ቀለበት መንገዱን ይሻገሩ ነበር። ስለዚህ ሰፈር ኩራት ስጠየቅ የምናገረው ያንን ሳምንት ነው።

ከዚያ ካሜራው ሄደ፤ ድንኳኑ ተነቀለ። ብዙም ሳይቆይ በማስተምርበት ክፍል አንዱ ልጅ ሌላውን «አንተ ቆሼ!» ብሎ ሲሰድበው ሰማሁ። ሁለቱም የእኛው ልጆች ናቸው። ተሳዳቢው ቃሉን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም፤ ከቤት ነው ያመጣው።

ወጣቶቻችን ያነሡት ችግር ግን እውነት ነው፤ በስብከት ብቻ አላልፈውም። ልጃችን በአድራሻው ምክንያት ሥራ ከተከለከለ እድሩ ሦስት ሽማግሌ መርጦ፣ ማኅተሙን የያዘ ደብዳቤ ጽፎ ከልጁ ጋር ይሂድ። ብቻውን አንልቀቀው። ደላላም ሰፈራችንን በስሙ ካልጠራ ቤታችንን አንስጠው። ሌላም የማቀርበው አለ። በደንባችን ላይ አባል መሆን የሚችለው «እስከ ቀለበት መንገዱ» ያለው ነዋሪ ነው ይላል። ይህ ወሰን ይስፋ። ከማዶ ያሉት፣ በዚያ ሌሊት ያለቀስንላቸው ቤተሰቦች፣ ወርሃዊ መዋጮውን ከፍለው መግባት ከፈለጉ ይግቡ። ስም ከመቀየር ይልቅ ዛሬ በዚህ ላይ እጅ ብናወጣ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልለምንና ልቀመጥ። ጸሐፊያችን የድሮውን መዝገብ ይዘው መጥተዋል፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የመጀመሪያውን ገጽ ያንብቡልን፤ መሥራቾቹን ከነአድራሻቸው። ሲያነቡም መዝገቡን ከፍ አድርገው ለወጣቶቹ ያሳዩልን። ብዙዎቹ መጻፍ ስለማይችሉ በጣት አሻራ ነው የፈረሙት። ጣት ያልነበራቸው ደግሞ መዳፋቸውን ቀለም ነክረው አትመዋል። ከላይ አራተኛዋ እናቴ ናት።

ጋሼ፣ እባክዎ ያንብቡልን። ከዚያ እጅ እናወጣለን።