«ገጠሬው መጣ!» ለምትሉኝ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

አዘጋጆቹ «አየርላንድ ውስጥ ልጅ ስለማሳደግ ዐሥር ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ፤ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ስላለ ነው እሺ ያልኩት። ለክርስትናም ለሠርግም ደብሊን በመጣሁ ቁጥር «ገጠሬው መጣ!» ትሉኛላችሁ። በቀልድ ነው፣ አውቃለሁ። ባለቤቴ ግን መሳቅ ካቆመች ቆየች።

ታሪኬን ታውቁታላችሁ፤ ግማሾቻችሁ እዚያው አብረን ነበርን። አሁን የምኖርባትን ባሊሆኒስን፣ በምዕራብ አየርላንድ ማዮ አውራጃ ያለችውን ትንሽ ከተማ፣ መጀመሪያ እኔ አልመረጥኳትም። ጥገኝነት ስንጠይቅ በአውቶቡስ ጭነው ማዮ አወረዱን። የሚሰጠን በሳምንት ለአንድ ሰው 19.10 ዩሮ ነበር፤ ሥራ ክልክል። የመሥራት መብት የመጣው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ካለ በኋላ፣ በፈረንጅ 2018 ነው። እኔም ወረቀቴን እንዳገኘሁ እንደ ሁላችሁ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ደብሊን ገባሁ። ሦስት ዓመት፣ አንድ ክፍል፣ ሦስት ነፍስ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰውዬ ግድግዳውን ይደበድብ ነበር። ስሙን ሳላውቅ ቤቱን ለቀቅኩ። ሁለተኛ ወደ ባሊሆኒስ ስሄድ ማንም አልጫነኝም። የባቡሩን ትኬት የቆረጥኩት እኔ ነኝ!

አሁን አንድ ቅዳሜ ልንገራችሁ። ማዮ የእግር ኳስ አገር ነው፣ የራሳቸው የሆነውን፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን። ባሊሆኒስ ግን ሀርሊንግ የሚባለውን የዱላ ጨዋታ ይወዳል። ልጄን ልምምድ አድርሼ፣ ያ የማያባራ ዝናብ እየወረደብኝ፣ አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ሄልሜት አጥልቀው፣ ጫፉ የጎበጠ ዱላ ይዘው ትንሽ ኳስ ያሳድዳሉ። አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ይኼ እኮ ገና ነው! ሩሯም አለች! ልዩነቱ የእነሱ ሩር ከመሬት ተነሥታ በአየር ላይ መመታቷ ነው። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ማፍጠጤን አይተው አንድ ዱላ አቀበሉኝ። እንደ ልጅነቴ ጎንበስ ብዬ በመሬት ለጋኋት፤ ሩሯ ጭቃው ውስጥ ተሰካች፣ እኔም ተከትያት ተንበረከክሁ። ሽማግሌው ሳቁ። እኛም አገር ይኼ ጨዋታ አለ፣ በልደት ሰሞን ነው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን ብዬ እንደምንም በእንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። «እኛ ጋ ጌታው ዳኛው ነው፤ እሱ ግን ይቆጣል» አሉኝ። በሳምንቱ ዳቦ ልገዛ ብገባ ባለሱቋ «አንተ ነህ የገናው ሰውዬ?» አለችኝ። ደብሊን ሦስት ዓመት ኖሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እና ገጠሬው ማን ነው? በፈረንጅ 2011 ቆጠራ ከከተማችን ነዋሪ 39.5 በመቶው የውጭ ዜጋ ነበር። መስጊዱ በፈረንጅ ከ1987 ጀምሮ ቆሟል። ልጄ ከፓኪስታኑም ከሶርያውም ልጅ ጋር አንድ ማሊያ ይለብሳል። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ጎረቤቱን የሚያልፍ ሰው እኔን ገጠሬ ሊለኝ ነው? ይበለኝ! ግን መጀመሪያ የጎረቤቱን ስም ይንገረኝ!

ለቅሶ እንዳላነሣ አዘጋጆቹ ለምነውኛል፣ በዓል ነውና። ትንሽ ብቻ። እኛ ጋ የአካባቢው ሬዲዮ የሞቱትን ሰዎች ስም ከነቀብር ሰዓቱ ያነባል። ሰው ሰምቶ ይወጣል፤ ተሰልፎ ቤተሰቡን ይጨብጣል፤ ሻይና ሳንድዊች አይጠፋም። ዕድር ማለት ሌላ ምንድን ነው? የማዮ የእግር ኳስ ቡድን በፈረንጅ ከ1951 ወዲህ የመላ አየርላንድን ዋንጫ አላነሣም። ለምን ቢባል፣ ያኔ ዋንጫውን ይዘው ሲመለሱ ፎክስፎርድ የምትባል የማዮ ከተማ ላይ ቀብር አግኝተው ሳይቆሙ አለፉ፣ ተረገሙ ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት አልከራከርም። ለቅሶ ጥሶ ያለፈ ይረገማል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ግን ለእኔ ባዕድ አይደለም።

ችግር የለም አልልም። መኪና ከሌለህ የለህም። ቅዳሴ ለማስቀደስ ሌሊት እንነሣለን። የልጁ አማርኛም እየተንገዳገደ ነው፤ የእናንተዎቹም ያው ነው፣ አንተዛዘብ።

እስኪ ባሊሆኒስ ኑ! ባቡሩ ደብሊን ካለው ሂውስተን ጣቢያ ነው የሚነሣው፣ ወደ ዌስትፖርት የሚሄደውን ያዙ፤ ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጃል። ስትደርሱ ደውሉ፣ ጣቢያ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። ቡና አለ። ጃኬት ግን እንዳትረሱ።

መልካም አዲስ ዓመት!