እስኪሞት ልጠብቅ ወይ?

(በባሕር ዳር፣ በአንድ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማህበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እንዴት ዋላችሁ?

ሆቴሉን፣ ጀልባውን፣ ሱቁን ለሰው አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የሒሳብ ሪፖርቱን ሰምታችኋል። እኔ የማነሳው የቡድን የሕይወት መድናችንን ነው። ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ከመታደሱ በፊት አንድ ነገር እንዲጨመርበት እፈልጋለሁ። የከባድ ሕመም ሽፋን።

ስለ በሽታ ሲወራ «ምን ያሟርትሻል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዛው ነበርኩ። የዛሬ አራት ዓመት ጥር ላይ ግን ማንም ሳይጠራው ቤታችን ገባ።

ታላቅ ወንድሜን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልስበት ጀልባ ነበረው። አንድ ማለዳ ጀልባውን ሊፈታ ጎንበስ ሲል ቀኝ እጁ ገመዱን አልይዝ አለው። ስትሮክ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፣ ተመስገን። ሥራው ግን በዚያች ጠዋት አበቃ።

ሚስቱ የሕይወት መድኑን ውል ከሳጥን አወጣች። በፌስታል ጠቅልላ ስላስቀመጠችው ጫፉ እንኳ አልታጠፈም። ወደ መድን ድርጅቱ አብሬያት ሄድኩ። ያስተናገደን ልጅ ሰው አክባሪ ነው። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «እትዬ፣ ይሄ የሚከፍለው በሞት ጊዜ ነው» አላት። መስመሩን ዝም ብላ አየችው። ቆይታ «ታዲያ እስኪሞት ልጠብቅ ወይ?» አለችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ውሉ የሚለው እንደዛ ነው።

በወሩ የጀልባው ሞተር ተሸጠ። ክረምት ሲገባ ጀልባውም ተከተለው።

እኛ ለሞት በደንብ የተዘጋጀን ሰዎች ነን። ዕድራችን ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያመጣል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ያስረክባል። የሕይወት መድናችንም የሚመጣው ያኔ ነው። ለመታመምስ ምን አለን? የታማሚውን ፎቶ መኪና ላይ ለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «ለኩላሊት እጥበት እርዱን» እያሉ ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው መዞር ነው። ሁላችንም አሥርም ሃያም ብር ጥለናል። እጃችን አይንጠፍ። ግን የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ነው፤ የሰው ርኅራኄ ደግሞ በየሳምንቱ አይታደስም።

የከባድ ሕመም ሽፋን አሠራሩ ቀላል ነው። በውሉ ከተዘረዘሩት ሕመሞች አንዱ በሐኪም ሲረጋገጥና የውሉ መመዘኛ ሲሟላ፣ የተስማማንበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። ለራሱ ለታማሚው፣ በሕይወት እያለ። እንደ ሕክምና መድን ደረሰኝ ቆጥሮ አይደለም። ብሩን ለመድኃኒትም፣ ለቤት ኪራይም፣ ለልጅ ትምህርት ቤትም ማዋል የሱ ፋንታ ነው።

ይህን ነገር ያሰበው የመድን ነጋዴ አለመሆኑ ልቤን ይነካዋል። ማሪየስ ባርናርድ የሚባል የደቡብ አፍሪካ የልብ ቀዶ ሐኪም ነው። ወንድሙ ክርስቲያን ባርናርድ በ1967 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ሲያደርግ እሱም ከቡድኑ አንዱ ነበር። ሕክምና የሰጣቸው ሰዎች በሽታውን አልፈው ገንዘብ ሲያጡ፣ ኑሯቸው ሲፈርስ አየ። ከመድን ሰዎች ጋር ተመካክሮ በ1983 እ.ኤ.አ. ሽፋኑ በአገሩ ተጀመረ። መነሻው አራት ነገር ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክ፣ ካንሰርና የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና። ዛሬ እንደ ኩላሊት መድከም ያሉ ሌሎችም ይጨመራሉ።

«የጤና መድን አለን አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለን፣ ጥሩም ነገር ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጣና ዳር ያለችው ፎገራ ነበረች። ግን የጤና መድን ሐኪም ቤቱን እንጂ የቀረውን ገቢ አይከፍልም። ለተሻለ ሕክምና አዲስ አበባ ሲባል ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። አስታማሚው የሚያድርበት ቤት፣ የሚበላው ምግብ አለ።

ደመወዝተኞችም ብትሆኑ አትተማመኑ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ወንድሜ እጁን ለመዘርጋት ብቻ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ሽፋኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከሞት ገንዘቡ ላይ ቀንሶ የሚሰጥ ነው። ለምሳሌ የሞት ሽፋኑ 500,000 ብር ቢሆንና ለሕመሙ 200,000 ቢከፈል፣ ኋላ ለቤተሰቡ የሚቀረው 300,000 ነው። ሁለተኛው የሞት ገንዘቡን ሳይነካ ለብቻው የሚከፍል ነው። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምንከፍለው ዋጋ፣ ግን ከፍ ይላል። የቱን እንደምንገዛ ሳናውቅ ከፈረምን፣ አንድ ቀን አንዲት መበለት ወረቀት ይዛ እኔ ጋ ትመጣለች። ያን ቀን ማየት አልፈልግም።

የሕመሙ ትርጉምም ይነበብ። «ካንሰር» ተብሎ ተጽፎ ገና በጅምር ላይ ያለውን የማይጨምር ውል አለ። ስትሮክም ዘላቂ ጉዳት ካልተወ ላይከፈል ይችላል። ወባና ታይፎይድ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ብዙ ጊዜ ውሉ ከተጀመረ በኋላ የመጠበቂያ ጊዜ አለ፣ 90 ቀን የተለመደ ነው። ሕመሙ ከታወቀ በኋላም ታማሚው የተወሰኑ ቀናት በሕይወት መቆየት አለበት የሚሉ አሉ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ቅጹን ስትሞሉ ግፊትና ስኳራችሁን አትደብቁ። «ዝም በይ፣ ማን ያውቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። በሽተኛው ተኝቶ፣ ካሳው ሲጠየቅ የሐኪም ካርዱ ይወጣል። ካርዱ ላይ «ግፊት፣ ከአምስት ዓመት ጀምሮ» የሚል ከተገኘ ሲከፈል የኖረው አረቦን ሁሉ ውኃ ሊበላው ይችላል። እውነቱን ብትናገሩ አረቦኑ ሊጨምር ወይም ያ ሕመም ከሽፋኑ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ቢያንስ ምን እንደገዛችሁ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ይመረጥ፤ ቢቻል አንዱ የጤና ባለሙያ ይሁን። ሽፋኑን ሁሉም መድን ድርጅት ላይሸጠው ስለሚችል ዞረው ይጠይቁ። የሁለቱንም ዓይነት ዋጋ፣ የሕመሞቹን ዝርዝርና ትርጉም፣ የመጠበቂያውን ቀን በጽሑፍ ያምጡ። የአማርኛውን ውል እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብለን እናነበዋለን። ያልገባው ሰው እጁን ያውጣ፣ እስኪገባው እንቆማለን። የብር ዋጋ ስለሚወርድም የሽፋኑ መጠን በየእድሳቱ ይታይ።

የወንድሜ ሚስት ዛሬ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝ እሷ ናት። ሰብሳቢያችን፣ ጉዳዩን ለድምፅ ያቅርቡልኝ።

አመሰግናለሁ።